ከልጅነቴ ካርቱን አንድ ትዕይንት ብቻ ቀርቶኛል፤ የሚያውቀው ካለ እባካችሁ

የሳሎን ምንጣፍ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:40

ሰላም ለሁላችሁ። የልጅነት ቴሌቪዥን ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው የፕሮግራሙን ስም፣ የመግቢያ ዘፈኑን፣ የሚተላለፍበትን ሰዓት ሳይቀር ይዘረዝራል። እኔ ስሙን እንኳ አላውቅም። የቀረኝ አንድ ትዕይንት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ገደማ አብሮኝ ኖሯል።

ከጭቃ የተሠራ የሚመስል ትንሽ ፍጡር አለ፤ ወፍ ይሁን ሌላ ነገር በውል አላውቀውም። መንቁሩ ጥቁር ነው። ሌሊት ነው፣ ተኝቷል። የተኛበት አልጋ እግሩን ያነቃንቅና መራመድ ይጀምራል። ልጁን እንደተሸከመ ከቤት ይዞት ይወጣል። ውጭው ሁሉ ሰማያዊ ነው። ከዚያ ጥርሱ የገጠጠ፣ ከአልጋው በብዙ የሚገዝፍ አውሬ ይመጣል። ይስቃል። እስካሁን ጆሮዬ ላይ ያለው ያ ሳቅ ነው። መጨረሻ ላይ ልጁ ይባንናል፤ እናቱ ታቅፈውና በአማርኛ፣ ጥርት ባለ አማርኛ፣ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ሕልም ነው። አልጋህም የትም አልሄደ፣ እኔም የትም አልሄድኩ» ትለዋለች።

ይህችን ንግግር ቃል በቃል ነው የማስታውሳት።

ለምን እንደፈለግኩት ልንገራችሁ። የአራት ዓመት ልጄ ሰሞኑን ሌሊት እየባነነች ታለቅሳለች። አንድ ሌሊት ሳባብላት የዚያች የካርቱን እናት ንግግር ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ልጄ ለቅሶዋን ገታ አድርጋ «የማን አልጋ ነው የሄደው?» አለችኝ። ታሪኩን ነገርኳት፣ ወደደችው። ጠዋት ስትነሳ «አሳየኝ» አለች። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነኝ። በአማርኛ የተተረጎመ የጭቃ ካርቱን እያልኩ ያልፈለግኩበት መንገድ የለም። የሚያውቅ ሰው ካለ ውለታው አይረሳኝም።

አንቴና ጠምዛዥ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:58

ያንን አውሬ አውቀዋለሁ! ስሙን እኔም አላውቅም እንጂ እሱን አልረሳውም። ሲመጣ ከሶፋው ጀርባ ገብቼ፣ ሳቁ እስኪያልፍ ጆሮዬን ይዤ እቀመጥ ነበር። ወንድሜ «አለፈ፣ ውጪ» ሲለኝ ነበር የምወጣው፤ አንዳንዴ ሳያልፍ «አለፈ» ይለኛል። ስለ እናትየዋ ግን ምንም ትዝ አይለኝም።

ጥቁርና ነጭ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

ልጄ፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነኝ፤ የእኔ ዘመን ካርቱን ካንተ ይቀድማል። ምናልባት የቼኩ ፍልፈል ይሆን? ዝዴኔክ ሚለር የሚባል ሠዓሊ ነው የፈጠረው፤ የመጀመሪያው ፊልም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። እሱ ላይ ንግግር ነበረበት። በኋላ ሚለር ፊልሙ በየአገሩ ያለ ልጅ እንዲገባው ሲል ቃላቱን አውጥቶ በሳቅ፣ በቃለ አጋኖና በማቃሰት ተካቸው። ድምፁን የሰጡት የገዛ ሴት ልጆቹ ናቸው። የጭቃ ግን አይደለም፣ በእጅ የተሣለ ነው። እንዲያው ካልሆነም አንዱን ለልጅህ አሳያት።

ስለ ድምፅ ከተነሳ አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌቪዥን ከሌላ ክፍል ሆናችሁ፣ ድምፁ ተዘግቶ እንኳ፣ መከፈቱን ታውቁ አልነበረም? ሲ...ር የሚል እንደ ክር የቀጠነ ፉጨት ነበረው። በብዙ አገር የነበረው ቴሌቪዥን ምስሉን በ625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ጊዜ ይሥል ነበር፤ ሁለቱ ሲባዙ 15,625 ይመጣል። ያ ፉጨት በሰከንድ 15,625 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ነበር። የልጅ ጆሮ ይይዘዋል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ቀድሞ የሚጠፋው እንዲህ ያለው ቀጭን ድምፅ ነው። የዛሬ አምስት ዓመት የድሮውን ቴሌቪዥኔን ከዕቃ ቤት አውጥቼ ከፈትኩት። የልጅ ልጄ ጆሮዋን ይዛ «አያቴ፣ ምንድን ነው የሚያፏጨው?» አለችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም። ቴሌቪዥኑ ያው ነው፤ ፉጨቱም ያው ነው።

ሁለተኛ ፎቅ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:35

የሳሎን ምንጣፍ፣ አገኘሁልህ። «ፒንጉ» ነው፤ ፔንግዊኑ! ቁጣ ሲመጣበት መንቁሩን እንደ ጥሩምባ አርዝሞ «ኑት ኑት» የሚለው። ያልከው ስለ ሕልሙ የሚያወራው ክፍል ነው፤ አልጋው የሚራመድበት፣ የባሕሩ አውሬ የሚመጣበት። አንድ ክፍል አምስት ደቂቃ አካባቢ ስለሆነ በቀላሉ ታየዋለህ።

ስዊዘርላንድ ውስጥ የተሠራ ነው፤ መተላለፍ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ፈጣሪው ኦትማር ጉትማን ይባላል። ጭቃ ያልከው ፕላስቲሲን ነው፤ በጣት ትንሽ ትንሽ እያንቀሳቀሱ፣ አንድ በአንድ ፎቶ እያነሱ ነበር የሚሠሩት።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ፣ እንዳትከፋ። ፒንጉ ላይ አማርኛ የለም። እንግሊዝኛም፣ ጀርመንኛም የለም። ካርሎ ቦኖሚ የሚባል ጣልያናዊ፣ አባትየውንም እናትየዋንም ልጁንም አያትየውንም ብቻውን ሆኖ፣ የተጻፈ ንግግር ሳይኖረው፣ ቋንቋ የሚመስል ግን ቋንቋ ያልሆነ ድምፅ እያወጣ ነው የሠራው። እስከ 2000 ድረስ በወጡት ክፍሎች ሁሉ ድምፁ የእሱ ነው። ትርጉም ስለማያስፈልገው ነው በየአገሩ የታየው። ስለዚህ ያቺ እናት በአማርኛ ልታናግረው አትችልም።

የሳሎን ምንጣፍ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12:15

ሁለተኛ ፎቅ፣ ምስጋናዬን በምን ልግለጽልህ። እሱው ነው። አልጋው ሲነሳ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ሰውነቴ ሁሉ ነው ያወቀው። አውሬውም እሱው ነው።

ግን ሌሊቱን ስድስት ጊዜ አየሁት፤ እንቅልፍም አልወሰደኝ። በረዶው ነጭ ነው። መንቁሩ ብርቱካንማ ቀይ ነው፤ ጥቁር አይደለም። እናትየዋ ደግሞ ታጉረመርማለች እንጂ አንድም ቃል አይወጣትም። ስታጽናናው ድምፁ ያባባል፣ አልክድም፤ ግን የእኔ አይደለም።

እኔ የማስታውሳት ሴት ተናግራለች። ድምፅዋ ትንሽ ሻከር ያለ ነው። «የኔ ጌታ» ስትል «ጌታ»ን ሳብ ታደርጋታለች። ይህን ከየት አመጣዋለሁ? በአማርኛ የተሠራ ድምፅ ነበረው ብዬ አሁንም አምናለሁ። የሆነ ቦታ አለ፣ ወይም ነበረ።

ማስታወሻ ያዥ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:30

ወንድሜ፣ ሥነ ልቦና ነው ያጠናሁት፤ የምለው አንተን ለማሳነስ እንዳልሆነ አስቀድሜ ልናገር።

ትውስታ ካሴት አይደለም፤ በየጊዜው ከፍተን ባየነው ቁጥር ከእንደገና የሚሠራ ነገር ነው። ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ያሳተሙት ጥናት ለዚህ ትልቅ ምስክር ነው። ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም ያሳያሉ። ለ50ዎቹ «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?»፣ ለሌሎቹ 50 ደግሞ «ተላትመው ሲደቃቁ» የሚል ዓይነት ጠንካራ ቃል አስገብተው ይጠይቃሉ። ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስታወት አይታችኋል ወይ ሲሏቸው፣ ከመጀመሪያዎቹ 7፣ ከሁለተኛዎቹ 16 ሰው «አዎ፣ አይተናል» አለ። ፊልሙ ላይ ግን የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ከሰው አፍ የገባች አንዲት ቃል ናት መስታወቱን የሰበረችው።

ከካርቱን ምሳሌ ከፈለጋችሁ፣ የፖክሞኑ ፒካቹ ጭራው ጫፍ ላይ ጥቁር አለበት ብሎ የሚምል ሰው ስንት ነው! የለበትም። ጥቁሩ ጆሮው ጫፍ ላይ ነው።

አእምሮ ነገሩን አጥብቆ ይይዝና ከማን እንዳገኘው ይረሳዋል። ያቺ ንግግር ከሌላ ፊልም ወይ ከተረት መጽሐፍ ልትሆን ትችላለች። ሰማያዊውም እንደዚያው ይመስለኛል፤ ሌሊትና ብርድ ስለሆነ አንተው ቀብተኸዋል።

ካሴት ሰብሳቢ | ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4:50

እህቴ ማስታወሻ ያዥ፣ ያልሽው ሳይንሱ ልክ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሰው የሰማውን ሁሉ «አልሰማህም» ማለት ስንለምድ ነው። ዛሬ ማግኘት ያልቻልነው ሁሉ ያልነበረ አይደለም።

የቴሌቪዥን ታሪክ እኮ ግማሹ የጠፋ ታሪክ ነው። «ዶክተር ሁ» የሚባለውን የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1963 ጀመረ። በዚያን ጊዜ ቴፕ ውድ ስለነበር፣ ከተዋንያን ጋር የነበረው ውልም ከጥቂት ጊዜ በላይ ደግሞ ማሳየትን ስለማይፈቅድ፣ አንዴ የታየ ነገር ከዚያ በኋላ ዋጋ አለው ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ቴፑን አጥፍተው ሌላ ነገር ይቀዱበት ነበር። ይህ እስከ 1978 ገደማ ቀጠለ። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት ሥራ ከ90 በላይ ክፍል ምስሉ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ቀርቷል።

አሁን ልብ በሉ። ምስላቸው የጠፋው ክፍሎች ድምፃቸው በሙሉ ተርፏል። ማን አተረፈው መሰላችሁ? ተመልካቾች ናቸው፤ ገሚሱም ገና ልጆች ነበሩ። የድምፅ መቅረጫቸውን ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀምጠው፣ ቤተሰቡን ዝም አሰኝተው ቀድተውት ነበር። ጣቢያው የጣለውን አንድ ሳሎን ውስጥ ያለ ልጅ አስቀመጠው። በ2013 ደግሞ ናይጄሪያ፣ ጆስ ከተማ ካለ የቴሌቪዥን ማሠራጫ ዘጠኝ ክፍሎች ከነምስላቸው መገኘታቸው ተነገረ። እንግሊዝ አገር የተቃጠለና የተደመሰሰው እዚያ መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ቁጭ ብሎ ነበር።

ስለዚህ የሳሎን ምንጣፍ፣ ተስፋ አትቁረጥ። በጊዜው አብሮህ የነበረ ሰው ካለ ጠይቅ። ቤት ውስጥ ዴክ ነበራችሁ? ካሴት ቀርቶ ይሆናል።

አንቴና ጠምዛዥ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:05

ካሴት አትበሉኝ፣ ቁስሌን ነካችሁት።

የቪዲዮ ካሴት ጀርባው ላይ በግራ በኩል ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ ነበረችው፤ እሷን ከሰበርክ ዴኩ መቅዳት እምቢ ይላል። የምወዳቸውን ካርቱኖች የያዘ ካሴት ነበረኝ። ጥርሷን በገዛ እጄ በሹካ ሰብሬ፣ ማንም እንዳይደርስበት ብዬ ተረጋግቼ ተኛሁ። ወንድሜ የተሰበረችበት ቦታ ላይ ፕላስተር ከተለጠፈ እንደገና እንደሚቀዳ ያውቅ ነበር። ከትምህርት ቤት መጥቼ ካሴቱን ሳስገባ ኳስ ጨዋታ ሆነ። ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ካርቱኑ ከሥሩ ብቅ ይላል ብዬ እየጠበቅኩ አየሁት። መጨረሻ ላይ ጨዋታው አልቆ የካርቱኑ የመጨረሻ አንድ ደቂቃ ከነመዝጊያ ዘፈኑ መጣ። ያቺን አንድ ደቂቃ ለዓመታት እያጠነጠንኩ አየኋት።

ወንድሜ ከአራት ዓመት በፊት አርፏል። አሁን ያንን ካሴት ባገኘው የማየው ኳሱን ነበር።

ክፍል ሁለት ይቀጥላል | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:20

አንቴና ጠምዛዥ፣ ነፍስ ይማር።

ሰው ትዝታው ልክ ሆኖ ሳለ «ተሳስተሃል» ተብሎ ስለሚቀርበት ነገር እኔም ልናገር። ልጅ ሆኜ «ቶም ኤንድ ጄሪ» አንዳንዱ ቀን ያስፈራኝ ነበር። ሩጫው ይደናቀፋል፣ ድምፁ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል፣ የቶም ፊት የሌላ ድመት ፊት ይሆናል። ለታላላቆቼ ስነግር «ያው ነው፣ አርፈሽ እዪ» ይሉኛል። ሳድግ ሳጣራ እኔ ልክ ነበርኩ። ፈጣሪዎቹ ሃና እና ባርቤራ እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1958 ለሲኒማ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠርተው ካቆሙ በኋላ፣ በ1961 እና በ1962 የወጡት 13ቱ በጂን ዳይች መሪነት ፕራግ ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ሠዓሊዎች፣ ሌላ ድምፅ። የስድስት ዓመት ልጅ ዓይን ይህን ለይቶታል፤ ስም ግን አልነበረውም።

በተቃራኒው ደግሞ ሁላችንም አምነን ያሠራጨነው ሐሰት አለ፤ ሁለቱ ባቡር ሐዲድ ላይ ተቀምጠው የሚያልቅበት «የመጨረሻው ክፍል» የሚባለው። የመጨረሻ አይደለም። የወጣው በ1956 ነው፤ ከእሱ በኋላም ሁለት ዓመት ያህል ቀጥለዋል። እኔ ለዚያ ክፍል አልቅሼ ነበር። ይህን ሳውቅ ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን እንደዚያች ልጅ ነው ደስ ያለኝ።

ጥቁርና ነጭ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

ልጆቼ፣ አንብቤያችሁ ስጨርስ አንድ ጥያቄ ጎድሎ አገኘሁት። ከመጠየቄ በፊት ግን ትንሽ ልዙር።

«ሰሳሚ ስትሪት» የሚባለው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1969 ሲጀመር አዘጋጆቹ ፊደልና ቁጥር ማስተማር ብቻ አልነበረም ሐሳባቸው። ትልልቅ ሰዎችን የሚያስቅ ነገር፣ ታዋቂ ዘፋኝና ተዋናይ ሆን ብለው ይጨምሩበት ነበር። ምክንያቱም ልጅ ብቻውን ከሚያይ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቢያይለት የበለጠ ይማራል ብለው ነው። ወላጁን ለማስቀመጥ ወላጁንም ማሳቅ ነበረባቸው።

የዚህን ጥቅም እኔ ያየሁት በአንድ ክፍል ነው። ባለሱቁን ሚስተር ሁፐርን ሆኖ ይጫወት የነበረው ዊል ሊ በታኅሣሥ 1982 አረፈ። አዘጋጆቹ በሌላ ተዋናይ ሊተኩት ወይም «ሌላ አገር ሄደ» ሊሉ ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። በኅዳር 1983 በተላለፈው ክፍል ትልቁ ቢጫ ወፍ የሁሉንም ሰው ሥዕል ሥሎ ያከፋፍላል፤ የሚስተር ሁፐርን ሥዕል ይዞ «የት አለ?» ይላል። እንደማይመለስ ይነግሩታል። እንግሊዝኛው በቅጡ ያልገባት ልጄ አጠገቤ ነበረች። «ምን አሉት?» አለችኝ። ምን አሉት ልበላት? ለአፍታ ያህል አሰብኩና የሆነውን ነገርኳት። ዛሬ ስለዚያ ክፍል ስታወራ በአማርኛ የሰማችው ይመስላታል። የሰማችው ከእኔ ነው።

በእኛ ቋንቋ አባባ ተስፋዬ ተረት ሲነግሩን ማንም ሊያስተረጉመን አያስፈልግም ነበር፤ ለዚያ ለቀረው ሁሉ ግን አጠገባችን የሚቀመጥ አንድ ሰው ነበረን።

እንግዲህ የሳሎን ምንጣፍ፣ ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ያንን ካርቱን ስታይ አጠገብህ የሚቀመጠው ማን ነበር?

ሁለተኛ ፎቅ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:52

ጋሼ፣ ይህን ሳነብ ሰውነቴን ነዘረኝ።

የሳሎን ምንጣፍ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:10

ጋሼ ጥቁርና ነጭ፣ ጥያቄዎን ትናንት ማታ ነው ያነበብኩት። ወዲያው አልመለስኩም፤ ስልክ መደወል ነበረብኝ።

እታለምን፣ ታላቅ እህቴን ደወልኩላት። በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። ስለዚህ ሁሉ ምንም አልነገርኳትም። «እታለም፣ ልጅ ሆኜ የማየው የፔንግዊን ካርቱን ትዝ ይልሻል?» ብቻ ነው ያልኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ከስልኩ ወዲያ፣ ያው በሻከረ ድምፅዋ፣ «አልጋህም የትም አልሄደ፣ እኔም የትም አልሄድኩ» አለች።

መናገር አቃተኝ። እሷ ቀጠለች። እናታችን በዚያ ዓመት ታማ ሆስፒታል ነበረች፤ እኔ ይህን የማውቀው ከተነገረኝ ነው እንጂ በራሴ አላስታውሰውም። ማታ ማታ አልተኛ እላለሁ። ቤት ውስጥ የልጅ ነገር ያለበት ካሴት አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ ዘመድ ያመጣው፣ ፒንጉ የተቀዳበት። በየምሽቱ ታስገባልኛለች። የሚናገሩት ስለማይገባ «ምን አለ? ምን አለች?» እያልኩ አስቸግራታለሁ፤ እሷ ደግሞ የሁሉንም ትናገርልኛለች። የአባትየውን በወፍራሙ፣ የእናትየዋን በእናታችን አነጋገር። «ጌታ»ን የምትስባት እናታችን ናት፤ እሷ እናታችንን እያስመሰለች ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ።

«አውሬው ሲስቅ ምን ትይ ነበር?» አልኳት። «እሱ በየቀኑ የተለየ ነበር» አለች። «አንድ ቀን አለቀስክብኝና ከዚያ በኋላ የሚያስቅ ነገር ነው የማስብለው።»

ሰማያዊውን ደግሞ ስጠይቃት ሳቀች። «ቴሌቪዥናችን እኮ ቀይ አይሰጥም ነበር። ሁሉም ሰው በሽተኛ ይመስል ነበር» አለችኝ።

ማስታወሻ ያዥ፣ ከማን እንዳገኘው አእምሮ ይረሳዋል ያልሽው እውነት ሆነ። ካሴት ሰብሳቢ፣ የአማርኛው ድምፅ ነበረ ያልኩትም እውነት ሆነ።

ቲቪ ጠጋኝ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:40

ሃያ ሁለት ዓመት የድሮ ቴሌቪዥን የጠገንኩ ሰው ነኝ። እህትህ ያለችው ሙሉ በሙሉ ልክ ነው።

የድሮው ቴሌቪዥን የምስል ቱቦ ከኋላው እኛ «ጋን» የምንላቸው ሦስት የኤሌክትሮን መተኮሻዎች ነበሩት፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊ። ሦስቱ እኩል ሲተኩሱ ነጭ ታያለህ። የቀዩ ሲደክም ወይም መስመሩ ላይ ያለች ትራንዚስተር ስትሞት፣ ነጭ የነበረው ሁሉ ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ መካከል ይሄዳል። በረዶ ደግሞ ሙሉ ነጭ ስለሆነ ከሁሉ ይብሳል። ቀይ ነገር ደግሞ ብርሃን ስለማይኖረው ይጠቁራል፤ መንቁሩ ጥቁር ነበር ያልከው ከዚህ የተነሳ ነው። አንዳንዴ ብየዳው ብቻ ስለሚላላ ሰው በመዳፉ ጎኑን ጠፍ ሲያደርገው ለጥቂት ደቂቃ ቀዩ ይመለስ ነበር። እናንተ ቤትም የሚመታው ሰው ሳይኖር አይቀርም።

የስንቱን ቤት ቀይ መልሻለሁ። ልጆች ከኋላዬ ቆመው እያዩኝ፣ ምስሉ ሲስተካከል «ሌላ ሰው መሰለ!» ይሉ ነበር።

ማስታወሻ ያዥ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1:15

የሳሎን ምንጣፍ፣ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ሰማያዊውን አንተው ቀባኸው ያልኩት ስህተት ነበር። ያየኸውን ነው ያስታወስከው፤ ዓይንህም ትውስታህም አልዋሸህም። ካየሁት ፊልም ጋር ስላልገጠመ ብቻ ፈረድኩ፤ ያየህበትን ቴሌቪዥን ግን አልጠየቅኩም።

ሁለተኛ ፎቅ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:00

ካርሎ ቦኖሚ ስቱዲዮ ውስጥ የቤተሰቡን ሁሉ ድምፅ ብቻውን ሠራ ብዬ ጽፌ ነበር። ያንኑ ሥራ እህትህ ሳሎን ውስጥ፣ በየምሽቱ፣ እናቷ ሆስፒታል ተኝታ ሠርታዋለች። እሱ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፏል። እታለምን ከእኔ ጉልበቷን ሳምልኝ።

ካሴት ሰብሳቢ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:25

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ድምፅዋን ቅዳ። ስልክህ ላይ፣ ዛሬውኑ። ካርቱኑ በየቦታው አለ፣ አይጠፋም። ያለ ቅጂ የቀረው የእሷ ነው።

አንቴና ጠምዛዥ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:10

ቅዳ። እባክህ ቅዳ።

የሳሎን ምንጣፍ | እሑድ፣ ከምሽቱ 4:05

ትናንት እታለም ቤታችን መጣች። ልጄን መሐል አድርገን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልን። ስልኬን መጽሐፍ ላይ አስደግፌ መቅዳት ጀመርኩ፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አደረግኩት።

መጀመሪያ ላይ እታለም አፈረች። «ረስቼዋለሁ» አለች። አልጋው መራመድ ሲጀምር ልጄ ዞር ብላ «እታለም፣ ምን አለ?» አለቻት፤ ልክ እኔ እንደምጠራት። ያኔ ጀመረች። አባትየው በወፍራሙ መጣ። አውሬው ሲመጣ ልጄ እጄን አጥብቃ ያዘችና፣ ያ ሁሉ ጥርስ ስክሪኑን ሞልቶ ሲስቅ፣ እታለም በዚያ በሻካራ ድምፅ «ጥርሴን ማን ይቦርሽልኝ! ጥርሴን ማን ይቦርሽልኝ!» አለች። ልጄ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፤ ያንን አውሬ እያየሁ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው ብዬ አስቤ ነበር፣ እታለም ግን «ድሮም እዚህ ላይ ነው የምትስቀው» አለችኝ።

እናትየዋ ጋ ስንደርስ ሦስታችንም ዝም አልን። እታለም አልተናገረችም፤ ፊቷን ሳይ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ስለዚህ ቅጂው ላይ ያለው ድምፅ የእሷ አይደለም። ልጄ ናት ያለችው፤ ከእኔ እንደሰማችው፣ «ጌታ»ን ስባ።

ጋሼ ጥቁርና ነጭ፣ የፍልፈሉንም አሳየኋት። ወዳዋለች። «ይኼኛው ምን ይላል?» ብላኛለች፤ ዛሬ ማታ ተራው የእኔ ነው።